የኮች ጊድሪ ስም ጥሪ

ሴንት ሮዛሊ፣ ሉዊዚያና
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1978

ለአክስቴ ልጅ ለአልሲድ ፎንትኖ፣

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና፣ በልተህ ጠግበህ፣ ከጦር አለቆችህም ጋር ሳትጣላ ያግኝህ። እኛ በጌታ ቸርነት አለን። ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም፤ ሸንኮራው ግን ከሰው ቁመት በልጧል። ባለቤቴ ኡላሊ «ጀርመን አገር ጨው የለም ወይ? ደብዳቤው ሁሉ አልጫ ነው» ብላሃለች። እኔ የለሁበትም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የድሮው አሠልጣኛችን ኮች ጊድሪ ታመዋል። ሰውነታቸው ድሮ እንደምናውቀው ነው፤ የታመመው ሐሳባቸው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ትንሽ በትንሽ እየባሰ መጣና አሁን የገዛ ልጃቸውን ኦዴሊያን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ኮሌጁ ጡረታ ካወጣቸው ዓመታት አልፈዋል፤ እሳቸው ግን በየማለዳው ከረባታቸውን አስረው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ አሮጌው ሜዳ ይወርዳሉ። ልምምድ ሊያሠሩ ነው።

በዚህ ከተማ የቀረን ተጫዋቾቻቸው መከርንና ተራ ገባን። እኔ አለሁ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሆዜአ አለ፣ የቀብር አስፈጻሚው ክሊቮን አለ፣ ሌሎችም አሉ። ተረኛው ሳምንቱን ከሳቸው ቤት ያድራል። ማለዳ ላይ ግን ሁላችንም ከሥራ በፊት ሜዳው ላይ እንሰለፋለን። ሳቅ፣ ሳቅ! ሆዜአ ሆዱን ተሸክሞ ሲሮጥ ብታይ! እኔም ስስቅ ከርሜአለሁ። ግን ያ ፊሽካ ሲነፋ እግሬ እኔን ሳያማክር ነው የሚነሳው። በሕይወቴ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ነገር የሠራብኝ ሌላ ሰው የለም።

ከሩጫው በፊት ስም ይጠራሉ። እንደ ድሮው ያለ ወረቀት፣ በቃላቸው። «ቨርዴል ሲሞን!» «አቤት ኮች!» «ሆዜአ ቡቴ!» «አቤት ኮች!» ከዚያ «አልሲድ ፎንትኖ!» ይላሉ። ዝም። ደግመው ይጠራሉ። ዝም። አንተ ካልመለስክ ፊሽካውን አይነፉም። እንደ ቆሙ ይቆያሉ፤ እኛ ዓይናችንን ነቀል ስናደርግ ደግሞ የሉም። በሸንኮራው መንገድ ሄደው የእናትህን የተዘጋ ቤት ሲያንኳኩ ነው የምናገኛቸው። «ክሌማንስ! ልጅሽ ዛሬም አልመጣም!» እያሉ። የእናትህን ሬሳ ሣጥን በትከሻቸው የተሸከሙ ሰው!

መንገዱ የጭነት መኪና ይበዛበታል። አንድ ቀን ሳንደርስባቸው እንዳንቀር እፈራለሁ። ፈቃድ ውሰድና ና። ተሰለፍና «አቤት» በል። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።

ታላቅህ ቨርዴል

ሽቱትጋርት፣ ጀርመን
ኦክቶበር 14 ቀን 1978

ለታላቄ ለቨርዴል፣

የቤትህ ሰላም አይጉደል፤ የኡላሊም ምላስ አይዛል። ጨው እንዳለን ንገርልኝ።

ለኮች አንድ ካፖርት በፖስታ ልኬአለሁ። የጀርመን ሱፍ ነው፤ ዝናብ አያስገባም። ለማለዳው ይሆናቸዋል።

እዚህ ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ ጀርመኖቹ ወታደሮች ስለ ፉትቦላችን ሲያሾፉብኝ ዋሉ። «እንደ እንቁላል የሾለች ኳስ በብብታችሁ ይዛችሁ ትሮጣላችሁ፤ እግር ኳስ ትሉታላችሁ፤ እግር የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። እግሩማ እኔ ነበርኩ አልኳቸው። አንተ ከፊት መስመር ሰዉን እየጣልክ መንገድ ትጠርጋለህ፣ እኔ ባዶውን አልፋለሁ። ሲያጨበጭቡልኝ ያንተን ስም የሚያነሳ አልነበረም። ይህን ሁልጊዜ አስበዋለሁ።

ስለጻፍክልኝ ነገር። ቨርዴል፣ ኮች እናቴ ኩሽና የተቀመጡ ዕለት አንተም ነበርክ። ጋምቦ ሾርባዋን ሁለት ሳሕን በልተው ሲያበቁ «ክሌማንስ፣ ይሰለፋል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ይመረቃል ብዬ ግን ቃል እገባልሻለሁ» አሏት። ለኛም ያሉንን ታውቃለህ፦ «ጉልበትህ የኔ ነው። ጭንቅላትህ የእናትህ ነው፤ ሞልቼ እመልስላታለሁ።» ለሁላችሁም እናቶች መለሱ። ለኔዋ ብቻ አልመለሱም። የመጨረሻው ጨዋታ ኅዳር ላይ አለቀ፤ ትምህርቱ ደግሞ እስከ ግንቦት ነበር። ኳሷ ስታልቅ መቀመጥ አቃተኝና ሠራዊት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲሶቹ ልጆች ፊት ስሜን ይጠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ልጆቹ የሞትኩ ይመስላቸው ነበር ይባላል።

አሁን ዓይኔን በጨው አጥቤ «አቤት» ልበል? «ጨረስክ ወይ?» ቢሉኝስ?

የሠራዊቱ ጡረታዬ በፌብሩዋሪ ይደርሳል። እዚሁ መጋዘን ውስጥ ሥራ ተሰጥቶኛል። የምቀር ይመስለኛል። ካፖርቱ ከጠበባቸው ጻፍልኝ።

አልሲድ

ሴንት ሮዛሊ
ኦክቶበር 29 ቀን 1978

ለአልሲድ፣

ሰላምና ጤና ካንተ አይራቅ፤ ብትናደድብኝም።

ካፖርቱ ደርሷል። ልክ ነው። ለብሰውት አንተን ፍለጋ ሊሄዱበት ነው።

አሁን የሠራነውን ስማ፤ መሣቂያ ሆነናል። ሆዜአ «አንድ ሰው በሱ ፋንታ ይመልስ፤ የት ያውቃሉ?» አለን። ለክሊቮን ሰጠነው፤ ድምፅህን አስመስሎ መናገር ይችላል። ማለዳ ላይ «አልሲድ ፎንትኖ!» ሲሉ ክሊቮን ከሆዜአ ጀርባ ተደብቆ «አቤት ኮች!» አለ። አንተን ራስህን ነው የመሰለኝ፤ ደነገጥኩ።

ኮች ቀስ ብለው መጡ። ሆዜአን በእጃቸው ገለል አደረጉና ክሊቮንን ተመለከቱት። «ክሊቮን፣ ሬሳ አይመልስልህምና እሱን ዋሸው። እኔን ግን አትዋሸኝም። ሁለት ዙር!» የልጃቸውን ስም የማያስታውሱ ሰውዬ ናቸው ይህን ያሉት። የአንዱ ጥፋት የሁሉም ዙር አይደል? ሁላችንም ሮጥን። ክሊቮን የሚያስቀብረው ሰው ነበረው፤ በጥቁር ሱፉና በተወለወለ ጫማው ጭቃውን እያቦካ ሮጠ። ኡላሊ ስትሰማ እስክታለቅስ ሳቀች። ቆይታ ደግሞ እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኮች ወረቀት የላቸውም፣ ሞኝም አይደሉም፤ አንተን ግን አልለቀቁህም።

«ጨረስክ ወይ ቢሉኝስ?» ትለኛለህ። ይሉሃል እንጂ! ሌላ ምን ሊሉህ ኖሯል?

ቨርዴል

ሴንት ሮዛሊ
ኖቬምበር 26 ቀን 1978

አልሲድ፣

ጤናህን እመኛለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትህን ግን አልወደድኩልህም።

ኮች ሐሙስ ዕለት በዝናብ ወጡ። የምስጋና በዓል ነበርና ሁላችንም ቤታችን ነበርን፤ ተረኛው ሆዜአ ዶሮ ሲገለብጥ በጓሮ በር ሄደዋል። የጭነት መኪና ነጂ ከቦይ ውስጥ አንስቶ አመጣቸው። ግንባራቸው ተሰንጥቋል። አልጋቸው ላይ ሆነው እንኳ «ልጁ አልተገኘም» ነው የሚሉት።

ኦዴሊያ ከዳላስ መጣች። ነርስ ናት፤ የምትናገረውን ታውቃለች። ሳሎናቸው ውስጥ ሰብስባን «ለናንተ አሠልጣኝ ናቸው። ለኔ አባቴ ናቸው። ልጅ ሆኜ የናንተን ያህል አላየኋቸውም፤ አሁን መኪና እስኪገድላቸው ደግሞ ቁጭ ብዬ አላይም» አለችን። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ከጠፉ ትወስዳቸዋለች። ቤቷ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩም ይቆለፋል። ሜዳ የለም፤ የሚጠሩት ስምም አይኖርም። እዚያ አንድ ክረምት የሚከርሙ አይመስለኝም።

የተረፈውን አንተ አስበው።

ቨርዴል

ሽቱትጋርት
ዲሴምበር 8 ቀን 1978

ለቨርዴል፣

ሰላም ለቤትህ።

ዝም ያልኩት ንቄ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። ጦር ሜዳ የፈራሁትን ያህል ፈርቻለሁ፤ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው። አንድ ሽማግሌ «አልጨረስክም» እንዳይሉኝ ነው ፍርሃቴ። ይገርማል።

ግንባራቸው እንዴት ሆነ?

አልሲድ

ሴንት ሮዛሊ
ዲሴምበር 19 ቀን 1978

ለአልሲድ፣

መልካም የገና በዓል ይሁንልህ። ግንባራቸው ተሰፍቶ ድኗል።

አሁን ጥያቄ የለኝም፤ ትእዛዝ ነው። ልጄ ኦክላንድ ልትወልድ ነው፤ መንታ ነው አሉ። በአዲሱ ዓመት እኔና ኡላሊ ወደዚያ እንሄዳለን፤ እስከ ፋሲካ አንመለስም። የኔ ተራ ያንተ ነው። ቁልፉ ሆዜአ ዘንድ አለ። ሌላ ሰው አልተካሁም፤ አልተካምም። ካልመጣህ ያ ሳምንት ባዶ ነው፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ኮች ይወጣሉ።

ድሮ መንገድ ስጠርግልህ ዞረህ አላየኸኝም፤ ማየትም አልነበረብህም። አሁንም ጠርጌልሃለሁ። ሩጥ።

ቨርዴል

ሴንት ሮዛሊ
ጃኑዋሪ 21 ቀን 1979

ለታላቄ ለቨርዴል፣ ኦክላንድ

እንኳን ለሁለት ልጆች አያትነት አበቃህ። ዕድሜያቸው ይርዘም፤ መልካቸው በኡላሊ ይውጣ።

ከጡረታዬ በፊት የቀረኝን ፈቃድ ወስጄ መጥቻለሁ። ኮች ቤት፣ ካንተ የተራ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፍራሽህ ጎድጉዷል።

ማክሰኞ ማለዳ ተሰለፍኩ። ስሞቹን ጠርተው እኔ ጋ ሲደርሱ «አቤት ኮች!» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነብኝ። ኮች ቀረቡኝ። ካፖርቱን ለብሰዋል። ፊቴን ትኩር ብለው አዩትና «ወፍረሃል» አሉኝ። «አዎ ኮች።» «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» «ማክሰኞ ነው ኮች።» «ማክሰኞ ጠዋት ባዮሎጂ አለህ። እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ቨርዴል፣ እውነታቸውን ነው! ማክሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚስ ፕሩት ባዮሎጂ ነበር። እኔ ረስቼው ነበር። በእጃቸው ዳገቱ ላይ ያለውን የትምህርት ሕንጻ አሳዩኝ። «ሂድ! መጀመሪያ ክፍል፣ ከዚያ ሜዳ።» እኔ ካልሄድኩ ፊሽካውን አይነፉም፤ ሄድኩ። ከጸሎት ቤቱ ኋላ ተቀምጬ ሲጋራ አጨስኩ።

ስመለስ በረንዳ ላይ ጠበቁኝ። «ምን ተማርክ?» አሉኝ። «ስለ እንቁራሪት።» «እሺ፣ ስለ እንቁራሪት ንገረኝ።» አንድ ቃል አልነበረኝም። አልተቆጡኝም፤ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንቱን በሙሉ እንዲህ ሆነ። ዓርብ ማለዳ ደግሞ ስሜን ጠርተው፣ መልሼላቸው፣ ልከውኝ ሲያበቁ ወጡ። እኔው ነኝ የደረስኩባቸው። እናቴ በር ላይ ቆመው «ክሌማንስ፣ ልጅሽ ከክፍል እየቀረ ነው» ይላሉ። ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። እጃቸውን ይዤ መለስኳቸው፤ ማን እንደያዛቸው አላወቁም።

ሆዜአ ከኦዴሊያ መደበቅ አልቻለም፤ ነግሯታል። በወሩ መጨረሻ መኪና ይዛ ትመጣለች። መምጣቴ አልጠቀመም። የመጋዘኑ ሥራ በማርች ይጀምራል፤ እመለሳለሁ መሰለኝ። ሞክሬአለሁ።

አልሲድ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ጃኑዋሪ 26 ቀን 1979

አልሲድ፣

ሕፃናቱ ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንደኛው አንተን ይመስላል፤ ሲነኩት ይሸሻል።

ሰውዬው ሃያ ዓመት ሙሉ የት መሄድ እንዳለብህ ሲነግሩህ ቆይተዋል። አሁን ደግሞ በጣታቸው አሳዩህ። አንተ ከጸሎት ቤት ኋላ ሲጋራ ታጨሳለህ። «ሞክሬአለሁ» ብለህ አትጻፍልኝ፤ ምንም አልሞከርክም። ሕንጻው በር አለው፤ ግባ።

ቨርዴል

ሴንት ሮዛሊ
ኤፕሪል 6 ቀን 1979

ለቨርዴል፣ ለኡላሊም፣

በያላችሁበት ጤናችሁ ይብዛ። የዘገየሁት ፈተና ስለነበረብኝ ነው። አዎ፣ ፈተና።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ተሳድቤብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። በማግስቱ ጫማዬን ወልውዬ ዳገቱን ወጣሁ። ዲኑ እንደ ልጅ ያለ ሰው ነው። «ምዝገባ ተዘግቷል፤ ለሴፕቴምበር ይምጡ» አለኝ። ልወጣ ስል «ለመሆኑ ማን ላከዎት?» አለኝ። «ኮች ጊድሪ» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። እሱም የኋለኛው ዘመን ተጫዋቻቸው ኖሯል። «አልሲድ ፎንትኖ እርስዎ ነዎት? የሞቱ ይመስለን ነበር!» ብሎ ተነስቶ ጨበጠኝ። መዘገበኝ። ባዮሎጂው ግን ከኛ ዘመን ወዲህ ስለተለወጠ ከሥር ጀምሬ እንድወስድ አዘዘኝ። «እባክህ ወንድሜ፣ አንዷን እንኳ ዝለልልኝ» ብዬ ብለምነው፣ «ኮች ቢሰሙ ሁለታችንንም ነው የሚያስሮጡን» አለኝ።

ለጀርመኑ መጋዘን አልመጣም ብዬ ጻፍኩ።

ክፍል ውስጥ «አባባ» ይሉኛል። ከኔ ጎን የምትቀመጠው ልጅ የኔን ሴት ልጅ ታክላለች፤ ሴት ልጅ ቢኖረኝ ማለቴ ነው። መነጽር ገዛሁ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ወደቅሁ፤ ሁለተኛውን አለፍኩ። ማለዳ አልሰለፍም፤ ቁርሴን ይዤ በቀጥታ ወደ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ኮች «ምን ተማርክ?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ልብ ከየት ወዴት ደም እንደሚልክ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፤ ነገ ይረሱታል፤ እኔ ግን ሳስረዳ ነው የሚገባኝ። ማን እንደሆንኩ የሚያውቁበት ቀን አለ፤ የማያውቁበትም አለ። ሁልጊዜ ግን ይጠይቁኛል።

ኦዴሊያ በተባለው ጊዜ መጣች። ክፍል ከገባሁ ወዲህ አባቷ ከሜዳው እንዳልጠፉ ነገርናት፤ አላመነችንም። ሻንጣቸውን አዘጋጅታ «በዓይኔ ካላየሁ» አለች፤ ቆየች፤ ሄደች፤ ትናንት ማታ ደግሞ ተመልሳ መጣች። ዛሬ ማለዳ የባዮሎጂው መምህር ታሞ ቀረ። ክፍል ከገባሁ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ስም ጥሪውን ከሩቅ ልስማው አልኩና ወርጄ ከአጥሩ ኋላ ቆምኩ። እሷም እዚያው ቆማ ኖሯል።

ኮች ከረባታቸውን አስረው ወጡ። «ሆዜአ ቡቴ!» «አቤት ኮች!» «ክሊቮን ጃክ!» «አቤት ኮች!» ከዚያ «አልሲድ ፎንትኖ!» አሉ። ማንም አልመለሰም። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ኦዴሊያ የአጥሩን ሽቦ ጨበጠች። ኮች ቀና ብለው ዳገቱን፣ ሕንጻውን አዩት።

«ክፍል ውስጥ ነው» አሉ፤ ራሳቸው ለራሳቸው። ከዚያ ፊሽካውን ነፉ፤ ሁሉም ሮጠ።

ኦዴሊያ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና ገፋ አደረገችኝ። «ምን ቆመሃል?» አለችኝ፤ «ሂድ እንጂ፣ እንዳያዩህ!»

በዚያ ሰዓት ትምህርት አልነበረኝም። ደብተሬን አነሳሁና ዳገቱን ወጣሁ።

ያንተው አልሲድ